ግማሽ ደቂቃ ያለ ውሃ

ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ነህልኝ አባዬ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም እንደ አሮጌ በር ትጮህብሃለች? ወገብህስ ጎንበስ ቀና ያስብልሃል? ጆሮህን እንኳ አልጠይቅህም፤ ባለፈው በስልክ ሦስት ጊዜ እንዴት ነህ ብዬህ ሦስቴም ሚጣን አገናኘኸኝ። ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። የምነግርህ ነገር በስልክ የሚጮህ አይደለም፤ ብጮኸውም ጎረቤት ሰምቶት አንተ ሳትሰማው ይቀራል። አያቴስ እንዴት ናት? ዓይኗ ለቀቅ አለላት ወይስ አሁንም ወንድም ጋሼን በእኔ ስም ትጠራዋለች?

እኔ ደህና ነኝ። ማለት ሰውነቴ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ልቤ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱም የምሳ ሰዓት። የምጽፍልህ ጋራዡ ውስጥ፣ ከሞተር ክፍሉ ደጃፍ፣ የመፍቻ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ የሥራ ማዘዣ ጀርባ ነው፤ የዘይት አሻራ ብታይበት አትቀየመኝ፤ ባታይበት ደግሞ የእኔ ደብዳቤ ነው ብለህም አታምን። በየሦስት መስመሩ እየተነሳሁ አንድ ሞተር ነክቼ እመለሳለሁና ነገሬ ቢቆራረጥ አትፍረድብኝ። ፌንጣ ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው ነህ።

ከሁሉ በፊት ግን ያለፈውን ደብዳቤዬን እናንሳ። ከአራት ወር በፊት ሚጣ «አባዬ አሮጊቷን አቃጠላት» ብላ ጻፈችልኝ። የአሮጊቷ መኪናችን ራዲያተር ለብየዳ ወጥቶ ሳለ፣ ከግቢው ፀሐይ ወደ ጥላው ላዛውራት ብለህ አስነሳሃት፤ ጥላው ሥር አድርሰሃት ግን ሳታጠፋት ቁጭ ብለህ ቀረህ፤ ሞተሯም ነደደ። ምን ነካህ ቢሉህ «ረሳሁት» ብቻ አልካቸው። ወንድም ጋሼም ቁልፉን ከኪስህ አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ምን አልኩህ? «እንግዲህ አባዬ ዕድሜ ተጫጭኖሃል፤ ከመሪ ምርኩዝ ይሻልሃል» ብዬ ቀለድኩብህ። መልስም አልጻፍክልኝ። አርባ ዓመት የነዳኸውን መኪና ቁልፍ ከኪስህ ሲያወጡብህ እኔ ሩቅ ሆኜ ሳቅኩ። ያንን ቀልድ ዛሬ መልሼ ልዋጠው ብል አልወርድ አለኝ። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

የጋራዡን ዋና መካኒክ ጽፌልህ ነበር፤ ሞተር ሳይከፍቱ አድምጠው ብቻ ሕመሙን ስለሚናገሩ ከኋላቸው «ጋሽ ጆሮ» የምንላቸው። በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ያኔ የሞተር ክፍሉ ቁልፍ፣ በቀይ ሽቦ የታሰረው፣ ከቀበቷቸው ወርዶ ወደ አንዳችን ይሻገራል። ቁልፉን የያዘ ሞተር ይከፍታል፤ ያልያዘ ጎማና ፍሬን ሲቀይር ይኖራል። እኔ ስድስት ዓመት ጎማ ሳወርድና ስሰቅል ኖሬያለሁ፤ ሕልሜ እንኳ ክብ ክብ ሆኗል። ያን ቁልፍ እፈልገዋለሁ አባዬ። ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ በጣም እፈልገዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ጆሮ ጠሩኝና የአንዲት አዋላጅ ነርስ መኪና አሳዩኝ። ሞተሩን ከታች እስከ ላይ ብቻሽን ግጠሚው አሉኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ግን የጋራዡ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ይህ ሞተር ከሰመረ ቁልፉ የእኔ ነው። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት እሳቸው የመኪናዋን ራዲያተር ከበያጁ ዘንድ ሊያመጡ ወጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው ራዲያተሩ ሳይገባ ሞተሩን እንዳታስነሺ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ለእኔ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

አንድ ሰዓት ያህል ቻልኩ። ወለሉን ጠረግኩ። የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። መፍቻዎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ደረደርኩ፣ አፈረስኩ፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ ደረደርኩ። አንተ ታውቀዋለህ አባዬ፤ ሰው በእጁ የገጠመውን ሞተር ድምፁን እስኪሰማ ድረስ መሬት አትበቃውም። ከእሳቸው ጆሮ በፊት በእኔ ጆሮ ልስማው አልኩ። ችግር ካለው እሳቸው ሳይመጡ ላውቀው፣ ችግር ከሌለውም ደረቴን ነፍቼ ልጠብቃቸው አልኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ የተባለ ግን መስሎኝ አያውቅም።

ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ናት። የቀዘቀዘ ሞተር፣ ዘይቱ ሙሉ ከሆነና ነዳጅ ካልረገጡበት፣ ያለ ውሃ ግማሽ ደቂቃ ቢዞር ምንም አይሆንም፤ ከደቂቃ ካለፈ ግን ምሕረት የለውም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የሙቀት መለኪያውንም አትመኚ ብለኸኛል፤ ውሃ ካልነካው መርፌው ተጋድሞ ይቀራል፣ ሞተሩ እየነደደ እሱ ቀዝቃዛ ነው ይልሻል ብለኸኛል። ታዲያ በምን እንቆጥር ነበር? ሌላው ሰው ሰዓቱን ያያል። ያንተ ሰዓት ግን እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እጅህ ላይ እንደቆመ ነው፤ ለጌጥ ነው ትላለህ።

እኛ የምንቆጥረው በቤቱ ሰው ነበር። አንተ መሪውን ይዘህ፣ እኔ በመስኮቱ ተንጠልጥዬ፣ ቤተሰቡን ከትልቅ እስከ ትንሽ ሰላም እንላለን። ሳንጣደፍ፣ ደጅ ላይ አግኝተን እንደምናናግረው ሰው። አያቴ ደህና ነሽ፣ እንዴት አደርሽ? አባዬ ደህና ነህ፣ ድካሙ እንዴት ነው? እማዬ ደህና ነሽ? ወንድም ጋሼ ደህና ነህ፣ ትምህርት እንዴት ነው? ፌንጣ ደህና ነሽ፣ ዛሬስ ተቀምጠሻል? ሚጣ ደህና ነሽ፣ ጥርስሽ በቀለ? መጨረሻ ላይ ውሻው፤ ቡቺ ደህና ነህ? ቡቺ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ይጠፋል። ልክ ግማሽ ደቂቃ። ሌላ ሰው ቢሰማን አብደዋል ይለን ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ሞተር አልተቃጠለብንም።

ሰላም ከምንላቸው ሁሉ መልስ የምትሰጠው እማዬ ብቻ ነበረች። አያቴ አትሰማንም፤ ወንድም ጋሼ ያፍርብናል፤ ሚጣ ገና አፏን አልፈታችም። እማዬ ግን ያጠበችው ልብስ ላይ ጭስ እንዳይገባባት ከጓሮ ትጮኻለች፤ «ደህና ነኝ! አጥፉት!» አንተም እየሳቅክ «ገና አራት ነፍስ ይቀራል!» ትላታለህ። እሷ ሳትመልስ ግን ወደ ወንድም ጋሼ አናልፍም። ሕጉ ያ ነበር። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ግን አንድ ቀን ጥሰነው አናውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ስማ። እማዬ ካረፈች ዘጠኝ ወሯ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ያለ ውሃ ያስነሳሁት ሞተር አልነበረም። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ድምፁ አባዬ! አንድም ኳኳታ የለው፤ ሰምተኸው ቢሆን ደስ ይልህ ነበር። ከዚያ ልማድ ነውና መቁጠር ጀመርኩ። አያቴን ሰላም አልኩ። አንተን ሰላም አልኩ። እማዬ ደህና ነሽ አልኩ። ከዚያ ጠበቅኩ።

በቃ፣ ያደረግኩት ይኸው ነው። መልሷን ጠበቅኩ። አላለቀስኩም፤ መሞቷንም አላሰብኩም። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ወደ ጓሮ ነው፤ እዚህ ጋራዥ ደግሞ ጓሮ የሚባል ነገር የለም፤ ግድግዳ ነው። ሦስት ደቂቃ ይሁን አራት አላውቅም። የጋለ ቀለም ሸተተኝ። የሞተሩ ድምፅ ሲደርቅ ሰማሁ። ሸተተኝ እያልኩህ ነው፣ ሰማሁ እያልኩህ ነው፤ ግን ገና አልመለሰችም፤ ሳትመልስ ማለፍ ደግሞ አላስተማርከኝም። በዚህ መሐል ከግድግዳው ወዲያ የሴት ድምፅ «አጥፉት! ኧረ አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው አጠፋሁት። ቀጥዬ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ወንድም ጋሼ ደህና ነህ፣ ትምህርት እንዴት ነው አልኩ።

የጮኸችው ከጎናችን ባለው ሱቅ የመኪና ወንበር የምታለብሰው ሴትዮ ናት። ጭሱ ጨርቋ ላይ እየገባ አስቸግሯት ነው። ልትጣላኝ መቀሷን እንደያዘች መጣች፤ እኔን ስታገኘኝ መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን እንሰቀሰቃለሁ። መርዶውን በስልክ በሰማሁ ማግስት ሥራ ገብቼ ጎማ የቀየርኩ ሰው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ዓይኔ ያልረጠበ ሰው፣ በሰው መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሴትየዋ አልቅሺም አላለችኝ፣ ተይም አላለችኝ። ሞተሩን በሩቁ እያየች ይኼ ነገር ይፈነዳል ወይስ ልቀመጥ ብላ ጠየቀችኝ። አይፈነዳም አልኳት። ተቀመጠች።

ያኔ ነው አባዬ አንተን ያየሁህ። አሮጊቷ የተቃጠለችው እማዬ ከሞተች በአምስተኛው ወር ነው። «ረሳሁት» አልካቸው። አልረሳህም። አንተም እንደ እኔ እማዬ ላይ ደርሰህ ጠበቅክ፤ አይደል? ከእኔ የባሰ ደግሞ፣ ጆሮህ ከብዷልና መልሳ ይሆናል እኔ ነኝ ያልሰማሁ ብለህ፣ ጨምረህ ሳትጠብቃት አልቀረህም። እኛ ደግሞ ሸመገለ ብለን ቁልፍ ነጠቅንህ፣ ምርኩዝ ያዝ አልንህ። ይቅር በለኝ። እግርህ ላይ ወድቄ የምለው ነበር፤ ሩቅ ነኝና በወረቀት አልኩህ።

ተነስቼ ሞተሩን ነክቼ መጣሁ። አሁን ለብ ብሏል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቡኒ ሆኗል፤ እሱንም በነዳጅ ጨርቅ ብጠርገው ይለቃል። ከወንበር አልባሿ በቀር ያየ የለም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላኝ ሄዳለች። ዝም ብል ራዲያተሩ ይገባል፣ ውሃ ይሞላል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ቁልፉ የእኔ ይሆናል። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ በሙቀት ጠምሞ እንደሆነ ግን ሳምንት ይሄድና መንገድ ላይ ይቆማል። የነርሷን መኪና የበር ኪስ ከፍቼ አየሁት፤ ጓንት፣ ፋሻና የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አለበት። አዋላጅ ናት። የምትሄደው ምጥ ወደያዛት ሰው ነው።

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ቀይዋ ሽቦ ዓይኔ ላይ ትመጣለች። አልነግራቸውም እላለሁ፤ የታጠፈው ጨርቅ ይመጣል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ ልጠይቅህ አልኩ፤ ግን መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የጋሽ ጆሮ መኪና ድምፅ ይኸው። መጡ። እዚህ ላይ ላቁም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወረቀቱን ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ስዞር ጥግ ጥጉ ተልጧል።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጆሮ ራዲያተሩን ከመኪናቸው ሳያወርዱ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ለራዲያተሩ ነው የነገርኩት ማለት ይቻላል። አልጮኹም። እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ፣ አሸተቱ። ስንት ደቂቃ አሉኝ፤ አላውቅም አልኩ። በምን ነበር የምትቆጥሪው አሉኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አያቴን፣ አንተን፣ የእማዬን መልስ፣ ቡቺን ሳይቀር። እንደ ሞተር አደመጡኝ፤ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲያበቁ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፤ ክፈቺው።

ከፈትኩት። አንዱ ብሎን ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ በደረቴ ተስቤ አወጣሁት። ቴስታታውን ጠርጌ ቀጥ ያለውን ብረት አጋደምኩበት፤ ጋሽ ጆሮ በባትሪ እያበሩ ክፍተት ፈለጉ። በግራ አየን፣ በቀኝ አየን፣ አግድም አየን። አልጠመመም! ከሥሩ ያለችው ማሸጊያ፣ ጋስኬቷ፣ ግን ከሁለቱ ሲሊንደሮች መሐል እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቁራለች። ባትናገሪ ኖሮ ሳምንትም አትሞላም ነበር አሉ። አዋላጇ ስትመጣ ደግሞ መኪናሽ በአንድ ቀን የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው በያት ብለው ራሴን ላኩኝ። ነገርኳት። በዓይኗ ለካችኝና መንገድ ላይ ከሚቆምብኝ እዚህ ቢዘገይ ይሻላል ብላ ሄደች።

ትናንት ጋስኬቷን ቀይሬ ገጠምኩት። ዛሬ ጠዋት ራዲያተሩ ገብቶ፣ ውሃው ተሞልቶ አስነሳነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። መርፌው እስከ ግማሽ ወጥቶ እዚያው ቆመ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልቆምኩት፤ ወዲያ ወዲህ ስል ጋሽ ጆሮ ጥላሽ ራሱ ደከመው ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ እኔ በዘመኔ አራት ሞተር አቃጥያለሁ አሉኝ። ሁለቱን ተናግሬያለሁ፣ ረስቻቸዋለሁ። ሁለቱን ደብቄያለሁ፤ እነሱን ዛሬም እሰማቸዋለሁ አሉ። ቀበቷቸውን ፈታ አድርገው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሰዓት ግዢ ብለውኝ ወጡ።

አሁን ኪሴ ውስጥ ነው አባዬ። በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ። ግን ያንተ ቁልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት የእኔ በኪሴ ሲንኳኳ ደስታዬ ሙሉ አልሆን አለ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ለወንድም ጋሼ ስጠው። ወንድም ጋሼ፣ ስማኝ፤ አባዬ አላረጀም፤ እናታችንን ሲጠብቅ ነው። ቁልፉን ዛሬውኑ መልስለት። አሮጊቷንም ክፈቷት፤ ጋስኬቷ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ከሆነች ከዚህ እልካለሁ። አባዬም ይግጠማት እንጂ አንተ እንዳትነካት፤ ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ ገና እንዳልለየህ አውቃለሁ።

አንተ ደግሞ አባዬ፣ ራዲያተሯ በሌለበት ማስነሳትህ አይቀርምና፣ ስትቆጥር እማዬን እንዳትዘልላት። እኔም ልዘልላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ውሻው ሲሞት ሌላ አምጥተን ቡቺ አልነው፤ የአሁኑ ሦስተኛው ነው። የእሷ ቦታ ግን እንዲያ አይሞላም። እንደ ድሮው ሰላም እንበላትና እንለፍ። ስታልፍ የሚሰማህን መከፋት እኔም ከዚህ እካፈልሃለሁ። እንግዲህ የቤቱን ሰው ሁሉ እንደ ልማዳችን ሰላም ልበልና ላብቃ።

አያቴ፣ ደህና ነሽ? እንዴት አደርሽ? ወንድም ጋሼን በስሜ መጥራትሽን አትተዪ፤ ደስ ይለኛል።

አባዬ፣ ደህና ነህ? ድካሙ እንዴት ነው?

እማዬ፣ ደህና ነሽ?

ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነህ? ቁልፉን!

ፌንጣ ደህና ናት፤ ዛሬ ትንሽ ተቀምጣለች።

ሚጣ፣ ደህና ነሽ? ደብዳቤ መጻፍሽን አታቋርጪ፤ ያንቺ ባይመጣ እኔ ምንም አላውቅም ነበር።

ቡቺ፣ ደህና ነህ?

በል አባዬ፣ አሁን አጥፋው።

ልጅህ ፌንጣ
ከሞተር ክፍሉ ውስጥ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን